ቁጥሮቹን አብራችሁ ላኩ

ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ።

የስታቲስቲክስ የቤት ሥራ ሲያስቸግር ሰው መጠየቅ ነውር የለውም። አማካዮችን ለማወዳደር የሚያገለግለውን ቲ ቴስትን ያወጣው ዊልያም ጎሴት የቢራ ፋብሪካ ኬሚስት ነበር። በትንንሽ ናሙናዎች ሲቸገር በ1905 እ.ኤ.አ. የስታቲስቲክስ ሊቁ ካርል ፒርሰን ዘንድ ሄዶ አማከረ። በ1908 ባሳተመው ጽሑፍ ላይ የተጠቀመበት የብዕር ስምም «ስቱደንት» ነው፤ ተማሪ ማለት ነው።

ችግሩ አጠያየቃችን ላይ ነው። «ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ (ቁጥሮቹ ከአማካያቸው የተበተኑበት መጠን) ከመጽሐፉ መልስ ጋር አልገጠመልኝም፣ የት ጋ ተሳሳትኩ?» የሚል መልእክት የደረሰው ሰው መልሶ ከመጠየቅ በቀር ምን ማድረግ ይችላል?

ያንኑ ጥያቄ ከነቁጥሮቹ እንየው። ቁጥሮቹ 4፣ 5፣ 6፣ 7 እና 8 ናቸው፤ አማካያቸው 6። እያንዳንዱ ከ6 ያለው ልዩነት ስኩዌር ሆኖ ሲደመር 10 ይመጣል። ተማሪው 10ን ለ5 አካፍሎ፣ ስኩዌር ሩቱን ወስዶ 1.41 አገኘ። መጽሐፉ 1.58 ይላል። ይህን ያየ ረዳት ነገሩን ወዲያው ይለየዋል፦ መጽሐፉ ያካፈለው ለ4 ነው። ቁጥሮቹ ናሙና ከሆኑ ከብዛታቸው አንድ ተቀንሶ ይካፈላል። ለምን ቢባል፣ ልዩነቱን የለካነው ከማናውቀው ከእውነተኛው አማካይ ሳይሆን ከራሳቸው ከቁጥሮቹ ከወጣው ነው። የስኩዌሮቹ ድምር ደግሞ ከራሳቸው አማካይ ሲለካ ከሌላ ከየትኛውም ቁጥር ሲለካ ከሚሆነው ያንሳል። በአንድ ያነሰው አካፋይ ይህን ጉድለት ያካክሳል። አምስቱ ቁጥሮች ሙሉው ፖፑሌሽን ከሆኑ፣ ማለትም ከእነሱ ውጭ የምናጠናው ሌላ ቁጥር ከሌለ ግን 1.41 ልክ ነው።

ስለዚህ የጥያቄውን ጽሑፍ ቃል በቃል ገልብጡ። «ናሙና» የምትለዋ አንዲት ቃል ከወደቀች መልሱ ይለወጣል። በኮምፒውተር ከሠራችሁም የፕሮግራሙን ስም ጻፉ። አር (R) የተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም በአንድ ላነሰው ሲያካፍል፣ የፓይተን ቋንቋ የስሌት ጥቅል የሆነው ነምፓይ (NumPy) ካላዘዙት በቀር ለሙሉው ብዛት ያካፍላል። በኖርማል ከርቭ ሥር ያለውን ስፋት የሚሰጠው የዜድ ሠንጠረዥም እንዲሁ ነው፤ የትኛውን እንደተጠቀማችሁ ጻፉ፦ ለ1.96 አንዱ 0.9750፣ ሌላው 0.4750 ይላል። የመጀመሪያው ከግራ ጫፍ፣ ሁለተኛው ከመሃል ጀምሮ ያለውን ስፋት ስለሚሰጥ ሁለቱም ትክክል ናቸው።

«የትኛውን ቴስት ልጠቀም?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉም ይብሳል፤ መልሱ ያለው ቁጥሮቹ በተሰበሰቡበት መንገድ ውስጥ ነውና። ሃያ ውጤቶች በሁለት ዓምድ ተደርድረዋል እንበል። አሥር ሰዎች ከሥልጠና በፊትና በኋላ ተፈትነው ከሆነ ጥንድ ቲ ቴስት ነው፤ ዲግሪ ኦፍ ፍሪደሙ (በነጻነት ሊለዋወጡ የሚችሉት ቁጥሮች ብዛት) 9። አሥሩና አሥሩ የተለያዩ ሰዎች ከሆኑ፣ የሁለቱ ቡድኖች ልይይትም (ቫሪያንስ፣ የስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ ስኩዌር) እኩል ነው ከተባለ፣ 18 ነው። ሠንጠረዡን ብቻ ያየ ሰው ሊለያቸው አይችልም። ስህተቱም ቀላል አይደለም፦ የሰዎቹ ውጤት ከ40 እስከ 90 ተበታትኖ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ነጥብ ገደማ ቢያሻሽሉ፣ ጥንድ የሆነውን እንዳልሆነ አድርጎ ያሰላ ሰው መሻሻሉ በብትኑ ውስጥ ይጠፋበታል።

የሠራችሁትንም አሳዩ። «ሞክሬ ነበር» ማለት አይበቃም። እርምጃችሁን በመስመር በመስመር ጻፉ፤ መሃል ላይ አታጠጋጉ። ከላይ ያገኘነውን 1.5811 ለ5 ስኩዌር ሩት፣ ለ2.2361፣ ብናካፍል ስታንዳርድ ኤረሩ (የናሙናው አማካይ የሚዋዥቅበት መጠን ግምት) 0.707 ነው፤ 1.6ን ለ2.2 ያካፈለ ግን 0.727 ያገኛል፤ ከዚያ ቀመሩን ሲወቅስ ያመሻል። ቁጥሮቹን በኪቦርድ ጻፏቸው እንጂ የደብተር ፎቶ አትላኩ፤ በጥላ ውስጥ 1 እና 7 አይለዩም። «አስቸኳይ ነው» የሚለውን ግን ተዉት፤ ማንንም አያፈጥንም። እየተፈተናችሁ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አትጠይቁ።

መልስ ሲመጣም ምክንያቱን ጠይቁ፤ ረዳትም ይሳሳታል። «ፒ ቫልዩ 0.03 ስለሆነ ነል ሃይፖተሲስ (ለውጥ ወይም ልዩነት የለም የሚለው መነሻ ግምት) እውነት የመሆን ዕድሉ 3 በመቶ ነው» የሚል ማብራሪያ በልበ ሙሉነት ሲሰጥ ትሰማላችሁ። ስህተት ነው። 3 በመቶው፣ ነል ሃይፖተሲስ እውነት ነው ብለን ብንነሳ ያገኘነውን ያህል ወይም ከዚያ በላይ የራቀ ውጤት የማግኘት ዕድል ነው።

ለምትረዱም አንድ ነገር፦ 1.58ን አትስጡ፤ «ለስንት አካፈልክ? ለምን?» በሉ።

ተማሪውም መልሱን እንዳገኘ ደብተሩን አይዝጋ። ከአምስቱ ቁጥሮች 8ን በ13 ቀይሮ ናሙና ናቸው ብሎ ብቻውን ይሥራ። 3.54 ከመጣለት ገብቶታል፤ 3.16 ከመጣ ወደ አካፋዩ ይመለስ።

አመሰግናለሁ።