ፕሮግራሙ በልቡ የያዘው ግምት

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮች። ዛሬ የማነሣው የፕሮግራም ብልሽት ጉዳይ ለመድኃኒት ቤት፣ ለትምህርት ቤት ሬጅስትራር፣ ለቁጠባና ብድር ማኅበር ወይም ለጅምላ አከፋፋይ የዴስክቶፕ ፕሮግራም ሠርቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ በቅርብ የሚያውቀው ነው። ዘመኑ የሞባይልና የድረ ገጽ ነው ቢባልም፣ ኢንተርኔት በፈለገው ሰዓት በሚመጣበትና በሚሄድበት ቦታ የዕለት ሥራ የሚሠራው አሁንም በዊንዶውስ ላይ በተጫነ ፕሮግራም ነው፤ ስለዚህ የዴስክቶፕ ችግር ያለፈ ዘመን ወሬ አይደለም።

በዚህ ሙያ ውስጥ ስቆይ የያዝኩት አንድ አስተያየት አለ። ደጋግመው የሚገጥሙን ብልሽቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ኮዱ ሳይናገር በልቡ ከያዘው ግምት ነው። ሥራው በቶሎ ያልቃል ብሎ ይገምታል፤ ጽሑፉ ላቲን ነው ብሎ ይገምታል፤ ዓመቱ 12 ወር አለው፣ መብራትም አይሄድም ብሎ ይገምታል። ግምቱ በሠሪው ላፕቶፕ ላይ እውነት ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም፤ ደንበኛው ቢሮ ሲደርስ ይፈርሳል። በዚህም ምክንያት ስልክ ተደውሎ ብልሽት ሲነገረኝ ኮዱን ከመክፈቴ በፊት ፕሮግራሙ ስለዚያ ማሽንና ስለዚያ ቢሮ ምን ብሎ እንደ ገመተ ለማሰብ እሞክራለሁ።

«ፕሮግራሙ ስታክ አደረገ» ከሚለው አቤቱታ እንጀምር። ተጠቃሚው የወር ሪፖርት የሚያወጣውን በተን ይጫናል፤ መስኮቱ ይነጣል፣ በርዕሱ ላይ «ኖት ሪስፖንዲንግ» የሚል ጽሑፍ ይመጣል፣ ተጠቃሚውም ተስፋ ቆርጦ ፕሮግራሙን ይዘጋዋል። የዚህ አሠራር ግልጽ ነው። ዊንዶውስ የማውሱን ክሊክ፣ የኪቦርዱን ምት፣ «ገጽህን እንደገና ሣል» የሚለውን ትእዛዝ ጭምር በወረፋ ያስቀምጣል፤ ያንን ወረፋ የሚያስተናግደው ደግሞ መስኮቱን የፈጠረው አንድ ትሬድ፣ ማለትም ትእዛዞችን በተራ የሚፈጽም አንድ የሥራ መስመር፣ ብቻ ነው። በባንክ ቤት አንድ መስኮት ብቻ ተከፍቶ፣ ገንዘብ ከፋዩ የአንዱን ደንበኛ ሰነድ ፍለጋ ወደ ውስጥ ቢገባ ሰልፉ ሁሉ ባለበት እንደሚቆም ማለት ነው። ትሬዱ ለ5 ሰከንድ ያህል ከወረፋው ምንም ካላነሣ ዊንዶውስ «ይህ ፕሮግራም አይመልስም» ብሎ ይፈርዳል። ፕሮግራሙ ግን አልሞተም፤ የሽያጩን ሠንጠረዥ እየደመረ ነው።

ለዚህ የሚሰጠው ፈጣን መፍትሔ በሪፖርቱ ዑደት መካከል በወረፋ ያሉትን መልእክቶች የሚያስተናግደውን «ዱ ኢቨንትስ» የተባለውን ትእዛዝ መጨመር ነው፤ ከቪዥዋል ቤዚክ ዘመን ጀምሮ የወረስነው ልማድ ነው። መስኮቱ በእርግጥ መተንፈስ ይጀምራል። ነገር ግን መልእክቶቹ ሁሉ ስለሚስተናገዱ ተጠቃሚው ሥራው ሳያልቅ ያንኑ በተን ዳግም መጫን ይችላል፤ ያን ጊዜ ያልተጠናቀቀው ሥራ ውስጥ ሌላ ተመሳሳይ ሥራ ይጀመራል። ሁለት ጊዜ የተቆረጠ ደረሰኝ ወይም ሁለት ጊዜ የተቀነሰ የመጋዘን ዕቃ ያየ ሰው መነሻውን ከዚህ ቢፈልግ አይደክምም። በሲ ሻርፕ የምትሠሩ ከሆነ ከ2012 ጀምሮ መስኮቱን ሳያስቆሙ ረጅም ሥራን ለመጠበቅ የሚያስችሉት «አሲንክ» እና «አዌይት» የተባሉት ቃላት በቋንቋው ውስጥ አሉ፤ ረጅሙን ሥራ ወደ ሌላ ትሬድ መላክ፣ በተኑን እስኪያልቅ ድረስ ማገድ፣ ለተጠቃሚውም ማቋረጫ መስጠት ተገቢው መንገድ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው በአሲንክ የተጀመረውን ሥራ ውጤት «ሪዘልት» በሚለው ባሕርይ እዚያው ቆሞ መጠበቅ ነው። የመስኮቱ ትሬድ ሥራው እስኪያልቅ ይጠብቃል፤ ሥራው ደግሞ የመጨረሻ ክፍሉን ለመፈጸም ወደ መስኮቱ ትሬድ መመለስ ይፈልጋል፤ ሁለቱም እርስ በርስ ሲጠባበቁ ፕሮግራሙ ለዘለዓለም ይደርቃል። ሁለተኛው ከሌላ ትሬድ ሆኖ በፎርሙ ላይ ያለውን ጽሑፍ ወይም ሠንጠረዥ መንካት ነው። መስኮቶቹ የሚሠሩበት ዊንዶውስ ፎርምስ ይህን ጥፋት በነባሪው ሁኔታ የሚናገረው ዲበገር፣ ማለትም ሠሪው ስሕተት የሚፈልግበት መሣሪያ፣ ሲኖር ነው። ዲበገር በሌለበት፣ ማለትም በደንበኛው ቤት፣ ዝም ብሎ ያልፈውና አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ይበላሻል። ምርመራውን በአንድ መስመር ማጥፋት እንደሚቻል የሚመክሩ አሉ፤ እኔ ይህን ምክር የጭስ መጠቆሚያውን ባትሪ ከማውጣት ለይቼ አላየውም። ሥራውን ወደ መስኮቱ ትሬድ የሚመልሰው «ኢንቮክ» የሚባለው ዘዴ የተዘጋጀው ለዚሁ ነው።

ወደ ጽሑፍ ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ የእኛ ይሆናል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ወደተባለው፣ የዓለምን ፊደላት ለእያንዳንዳቸው ቁጥር ሰጥቶ ወደሚይዘው ደረጃ የገባው በ1999 እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በወጣው 3.0 እትም ነው፤ ዊንዶውስም ከቪስታ ጀምሮ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ መጥቷል። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች የላቲን ኮዶች ላይ የእኛን ፊደል ሥዕል የለበጡ ነበሩና፣ በእነሱ የተጻፈ የድሮ ዳታ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ይሆናል። እንዲህ ያለውን ዳታ ማዳን ይቻላል፤ ኮዶቹ አሉና በፎንቱ ልክ የመለወጫ ሠንጠረዥ መሥራት ብቻ ይጠይቃል።

ማዳን የማይቻለው የጥያቄ ምልክቱ ነው። በኤስኪውኤል ሰርቨር ዳታቤዝ ላይ የሠራ ሁሉ የታካሚው ወይም የተማሪው ስም በሙሉ ወደ ጥያቄ ምልክት ተለውጦ ያያል። ዓምዱ «ቫርቻር»፣ ማለትም በቆየ የኮድ ገጽ ጽሑፍ የሚይዝ፣ ከሆነ ነገሩ አያስገርምም። ብዙዎችን ግራ የሚያጋባው ዓምዱ ዩኒኮድ የሚይዘው «ኤንቫርቻር» ሆኖ ሳለ ይኸው ሲደርስ ነው። ምክንያቱም በትእዛዙ ውስጥ በነጠላ ጥቅስ የተቀመጠው ስም ከፊቱ ኤን የምትባለዋ ፊደል ከሌለች፣ ዓምዱ ጋር ሳይደርስ ገና ወደ ዳታቤዙ የቆየ የኮድ ገጽ፣ ማለትም ጥቂት ፊደላት ብቻ ወደሚይዝ ሠንጠረዥ፣ ይለወጣል፤ በእነዚያ ገጾች ውስጥ ደግሞ የኢትዮጵያ ፊደል ቦታ የለውም። የተቀመጠው የጥያቄ ምልክት ራሱ ነው፤ ከኋላው የተደበቀ ስም የለም። ስሙን ከትእዛዙ ጽሑፍ ጋር በመደመር ምልክት ከመቀጠል ይልቅ በፓራሜትር፣ ማለትም ከትእዛዙ ለይቶ፣ መላክ ይህን ይፈታል፤ በተጓዳኝም በስም መጻፊያው ሣጥን በኩል ዳታቤዙን ለመድፈር የሚሞክረውን ሰው በር ይዘጋበታል። በዚሁ አጋጣሚ፣ ወደ ኤክሴል የሚላክ የሲኤስቪ ፋይል (ሠንጠረዥ በነጠላ ሰረዝ ተለያይቶ የሚጻፍበት የጽሑፍ ፋይል) አማርኛው የሚበላሽባችሁ ከሆነ ፋይሉን ዩቲኤፍ 8 በተባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ ስትጽፉ መለያ ምልክቱን በመጀመሪያው ላይ ጨምሩ፤ ኤክሴል ያለዚያ በሌላ ኮድ ሊያነበው ይችላል።

ፍለጋም የራሱ ጣጣ አለው። ኃይሉ ተብሎ የተመዘገበን ሰው ካርድ ክፍል ያለችው ሠራተኛ ሀይሉ ብላ ብትፈልገው ኮምፒዩተሩ የለም ይላታል፤ ፀሐይና ጸሀይም፣ ዓለሙና አለሙም እንደዚሁ። አዲስ ካርድ ይወጣል፤ የአንድ ሰው የሕክምና ታሪክ ለሁለት ይከፈላል። አንዳንድ ፕሮግራሞች ስሙን ሲቀበሉ በአንድ ዓይነት ፊደል አስተካክለው ያስቀምጡታል፤ ይህ የሰውን ስም ያለ ፈቃዱ መለወጥ ስለሆነ አልስማማበትም። ስሙ ባለቤቱ እንደ ጻፈው ይቀመጥ፤ ከጎኑ ለተጠቃሚ የማይታይ የመፈለጊያ ዓምድ ይኑር፤ በዚያ ዓምድ ውስጥ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ከነዘሮቻቸው ይጠቅለሉ፤ ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ ይመለሱ። የሚፈለገው ቃልም በዚያው ሕግ አልፎ ይነጻጸር።

በጣም ረጅም ጊዜ የሚወስደው ግን የቀን ጉዳይ ነው። የሲ ሻርፕ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት የማይክሮሶፍት መድረክ ዶት ኔት የዕብራውያንን፣ የፋርስን፣ የሂጅራን፣ የታይላንድን የቀን አቆጣጠር አብሮ ይዟል፤ የኢትዮጵያን አልያዘም። በጃቫ ቋንቋ ለሚሠሩ ጆዳ ታይምና አይሲዩ የተባሉት ላይብረሪዎች፣ ማለትም ዝግጁ የኮድ ስብስቦች፣ ይዘውታል። ላይብረሪ የሌለው ሠሪ ታዲያ የኢትዮጵያን ቀን እንዳለ በዳታቤዙ የቀን ዓምድ ውስጥ ይጽፈዋል፤ ለወራትም ያለ ችግር ይሠራል። ጥቅምት 2ኛ ወር ነው፤ ለዳታቤዙ ግን 2ኛው ወር ፌብሩዋሪ ነው፤ ፌብሩዋሪ ደግሞ 28፣ በ4 ዓመት አንዴ 29 ቀን ብቻ አላት። ስለዚህ ጥቅምት 30 ፈጽሞ አይመዘገብም፤ ጥቅምት 29 ደግሞ በ2016 ይገባና በ2017 እምቢ ይላል፤ ጳጉሜን 13ኛ ወር ነችና ጭራሽ ቦታ የላትም። ሠራተኞቹ ጳጉሜን ላይ የሚሸጠውን ሁሉ በመስከረም 1 እንዲመዘግቡ ሲነገራቸው ሰምታችሁ ይሆናል።

ከዚህ የከፋው ግን ኢረር የማያመጣው ስሕተት ነው። ከመስከረም 30 እስከ ጥቅምት 1 አንድ ቀን ነው። ዳታቤዙ መስከረምን ጃንዩዋሪ አድርጎ ስለሚቆጥረው 31ኛ ቀን ይጨምርና ሁለት ቀን ይላል። የቁጠባና ብድር ማኅበር ወለድ በቀን የሚታሰብ ከሆነ ይህች ቀን በየተበዳሪው ላይ ትደመራለች፤ ስሕተት መሆኑን ለማንም የሚያሳይ ቀይ ጽሑፍ የለም።

መውጫው ቀኑን በጎርጎርዮስ ወይም በተራ የቀን ቁጥር አስቀምጦ፣ ለሰው ሲታይ ብቻ ወደ ኢትዮጵያ መለወጥ ነው። ስሌቱ የሚፈራ አይደለም። ከዓመቱ 1 ቀንሳችሁ በ365 አባዙ፤ ዓመቱን ለ4 አካፍላችሁ ቀሪውን በመተው ድርሻውን ጨምሩ፤ ከወሩ ቁጥር 1 ቀንሳችሁ በ30 አባዝታችሁ ጨምሩ፤ ቀኑን ጨምሩ፤ በመጨረሻ 1724220 ስትደምሩበት የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበትን የጁልያን ቀን ቁጥር ታገኛላችሁ። መስከረም 1 ቀን 2000 በዚህ መንገድ 2454356 ይሆናል፤ ይህም ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነው። አዲስ ዓመት ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው ብሎ በኮድ ውስጥ የጻፈ ሰው፣ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ጳጉሜን 6 ቀን እንደምትሆን ረስቷል፤ በ2015 መጨረሻ እንደዚያ ሆኖ የ2016 መስከረም 1 በሴፕቴምበር 12 ውሏል። ለበጀት ዓመት ሪፖርት ግን የሚያስጨንቅ የለም፤ በእኛ ዘመን ሐምሌ 1 ምንጊዜም ጁላይ 8 ነው።

ስለ ገንዘብ አጭር ነገር ልበል። ብርን በ«ዳብል»፣ ማለትም አስርዮሽን በግምት በሚይዘው የቁጥር ዓይነት፣ ማስቀመጥ ክልክል መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፤ አስርዮሽን በትክክል የሚይዘውን «ዴሲማል» ከተጠቀማችሁ በኋላም ግን አንድ ሳንቲም ልትጠፋ ትችላለች። የ12 ብር ከ30 ዕቃ 15 በመቶ ቫት 1.845 ነው። የዶት ኔት ማጠጋጊያ ካልተነገረው በቀር መሐል ላይ ያለውን ወደ ተጋማሽ አኃዝ ስለሚወስደው 1.84 ይላል፤ ገንዘብ ተቀባዩ በእጁ ያሰበው 1.85 ነው። የትኛው እንደሚፈለግ የሒሳብ ሠራተኛውን ጠይቃችሁ በኮዱ ውስጥ በግልጽ ጻፉት።

ስለ መብራት ደግሞ፦ የቆየውን ፋይል ከላዩ ላይ እየጻፈ ሳለ መብራት የሄደበት ፕሮግራም ሲነሣ ባዶ ፋይል ሊያገኝ ይችላል። አዲሱን በጊዜያዊ ስም ጽፎ፣ ወደ ዲስኩ መድረሱን አረጋግጦ፣ ከዚያ በአሮጌው መተካት ይገባል። በዳታቤዝም ደረሰኙና ዝርዝር ዕቃዎቹ በአንድ ትራንዛክሽን፣ ማለትም ወይ ሁሉም ወይ ምንም በሚጻፍበት አሠራር፣ ይግቡ።

ከሁሉ የሚያስቀው «ዳታው ጠፋ» የሚለው አቤቱታ ነው፤ የጠፋ ነገር ስለሌለ። ከቪስታ ጀምሮ ዊንዶውስ የቆዩ 32 ቢት ፕሮግራሞች «ፕሮግራም ፋይልስ» ውስጥ ሊጽፉ ሲሞክሩ ወደ ተጠቃሚው የግል ፎልደር፣ «ቨርቹዋል ስቶር» ወደሚባለው፣ በጸጥታ ይመራቸዋል። በአንድ ኮምፒዩተር ላይ የጠዋቱና የከሰዓቱ ገንዘብ ተቀባዮች በየራሳቸው አካውንት ከገቡ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የዳታ ፋይል ያያሉ፤ አንዱ ሌላው የሸጠውን አያገኝም። ለሁሉም የሚያገለግል ዳታ የሚቀመጠው በ«ፕሮግራም ዳታ» ፎልደር ውስጥ፣ ለሁሉም የመጻፍ ፈቃድ ተሰጥቶት ነው።

ይህን ሁሉ በስልክ ማወቅ አይቻልም፤ ደንበኛው የሚልክልን አብዛኛውን ጊዜ በሞባይል የተነሣ የደበዘዘ የስክሪን ፎቶ ነው። ስለዚህ የምሠራቸው ፕሮግራሞች በተነሡ ቁጥር በአንድ የጽሑፍ ፋይል ላይ የዊንዶውሱን እትም፣ 32 ወይም 64 ቢት መሆኑን፣ የተከፈተውን አካውንት፣ ዳታው ያለበትን ሙሉ አድራሻ፣ የአገር ቅንብሩንና ቀን የሚጻፍበትን ቅርጽ፣ የማሽኑንም ሰዓት እንዲጽፉ አደርጋለሁ። የሰዓቱ ነገር ተራ ይመስላል፤ የማዘርቦርድ ባትሪው የሞተ አሮጌ ኮምፒዩተር መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ይነሣል፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ ሰዓቱን በዳታቤዙ ካለው የመጨረሻ ደረሰኝ ጋር ያነጻጽርና ወደ ኋላ ከሆነ ሽያጭ ሳይጀምር ያስቆማል። በፎርሙ ጥግ ላይ ፋይሉን የሚያዘጋጅ አንድ በተን አለች፤ ሠራተኛው ተጭኖ በቴሌግራም ይልክልኛል፤ እኔም ኮዱን የምከፍተው እሱን ካነበብኩ በኋላ ነው።