ጃንጥላውን ማን ይይዛል?

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራን፣ የክረምት ሳይንስ ተማሪዎች ልጆቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

ስትገቡ በር ላይ ቆሜ አይቻችኋለሁ። ሁላችሁም ጃንጥላችሁን እያራገፋችሁ ነው የገባችሁት። ጭቃውንም ይዛችሁልን መጥታችኋል፤ አዳራሹን የሚያጸዱት እናታችን ይቅር ይበሉን። እኔም ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጃንጥላ ነው። ተለቅ ስላለ ጃንጥላ።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ትዝ ይላችኋል? ፀሐይ የተጋረደችበት ቀን ነው። ላሊበላ ላይ ቀለበት ሆና ታየች። እኛ ባሕር ዳሮች ቀለበቱ ለጥቂት አመለጠን፤ ማጭድ ነው ያየነው። ሁለት ሰዓት ገደማ ሐይቁ ዳር ዛፍ ሥር ቆሜ ነበር። ብርሃኑ ደከመ። ደመና የለም፣ ጥላዬ መሬት ላይ እንዳለ ነው፣ ግን ቀኑ የመሸ ይመስላል። በቅጠሉ መሃል ሾልኮ የወደቀው ብርሃን ሁሉ ትንንሽ ማጭድ ሆኗል። አፈሩ ላይ ማጭድ በማጭድ። ከዚያ ብርድ ብርድ አለኝና ጋቢዬን ሰብሰብ አደረግኩ።

ያን ቀን የጋረደችን ጨረቃ ናት። አሁን ደግሞ ይህንኑ ሥራ በጣም በስሱ፣ ዓመት እስከ ዓመት፣ በሰው እጅ እንሥራው የሚሉ ሳይንቲስቶች አሉ። ከሰል፣ ቤንዚንና ናፍጣ ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኖናል። ልብሱን መግፈፍ ዓለምን አቅቷታል። እንግዲያው ከላይ የሚመጣውን ፀሐይ እንቀንስ ነው ነገሩ።

ጃንጥላው የት ይዘረጋል? ከመሬት ወደ ፀሐይ አቅጣጫ 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ። የጨረቃን ርቀት አራት እጥፍ ገደማ ማለት ነው። በጥምቀት ታቦት ሲወጣ ጥላ የሚይዘውን ዲያቆን አይታችሁታል? ካህኑ ሲራመዱ ይራመዳል፣ ሲቆሙ ይቆማል። እዚያ ቦታ ላይ ያለ ነገርም እንዲሁ ነው። የፀሐይና የመሬት ስበት ተጋግዘው ከመሬት እኩል እያራመዱ በዓመት አንድ ጊዜ ፀሐይን ያስዞሩታል። ሶሆ የተባለችው ፀሐይን የምታጠና መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ1995 ተልካ የሠራችው እዚያው ቦታ ዙሪያ ነው። ግን ሰፈሩ እንቅልፍ የሚያስወስድ አይደለም። ትንሽ ዘንበል ካሉ እየራቁ መሄድ ነው። በዚያ ላይ የፀሐይ ብርሃን ራሱ ይገፋል፤ ቀስ ብሎ፣ ነፋስ የደንገል ታንኳን እንደሚገፋው። ስለዚህ ቀዛፊ ያስፈልጋል።

አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ሮጀር ኤንጅል እ.ኤ.አ. በ2006 ሒሳቡን ሠርቶታል። ከፀሐይ ብርሃን 1.8 በመቶውን ለመቀነስ 16 ትሪሊዮን ስስ ዲስኮች። እያንዳንዱ ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ የእንጀራ ሰፌድ የሚያህል፤ ክብደቱ ግን አንድ ግራም ገደማ፣ ቁንጥር ጨው። ሁሉም ሲደመር 20 ሚሊዮን ቶን። በኛ አቆጣጠር 200 ሚሊዮን ኩንታል! ይህን ሁሉ ወደ ሰማይ መጫን ነው እንግዲህ። 20 ማስወንጨፊያዎች በየአምስት ደቂቃው እየተኮሱ አሥር ዓመት ይፈጅባቸዋል። ወጪው ጥቂት ትሪሊዮን ዶላር። እኔ ገንዘቡ ብዙም አያስጨንቀኝም፤ ከኛ ኪስ አይወጣም። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው።

ጣና ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም። ጥልቅ በተባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ከላዩ በየዓመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ውኃ ይተናል። «ታዲያ ፀሐይዋ ብትቀንስ ለሐይቁ ጥሩ አይደለም?» የሚል ልጅ አይጠፋም። ጎበዝ፣ ጥያቄው ልክ ነው። ነገር ግን ዝናቡም የሚመጣው ከተነነ ውኃ ነው። ፀሐይን በኮምፒውተር ቀንሰው የሞከሩ ጥናቶች ሙቀቱ ወደ ድሮው ልክ ሲወርድ የዓለም ዝናብ በጥቅሉ እንደሚያንስ ያሳያሉ። የኛ ድርሻ ስንት ይሆናል? ለገበሬው ዋናው ጥያቄ ይኼ ነው።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1783 አይስላንድ ውስጥ ላኪ የሚባል እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ስምንት ወር ተፋ። ጢሱና ድኙ የሰሜኑን ሰማይ ሸፈነ። በዚያው ዓመት ዓባይ ግብፅ ላይ ጎደለ፣ ረሃብ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት ሁለቱን አገናኛቸው፤ ሰሜኑ ሲቀዘቅዝ የአፍሪካ ክረምት ዝናብ ደከመ። የዓባይ ጎርፍ ደግሞ በአብዛኛው ከዚህ ከደጋው የሚወርድ ነው። አይስላንድ የት፣ ጎጃም የት! እርግጥ የጠፈሩ ጃንጥላ ጥላ የሚጥለው በመላው መሬት ላይ ነው፤ እንደ ላኪ በአንድ ወገን አያጋድልም። ሆኖም ሩቅ አገር የተጋረደ ፀሐይ እዚህ ጓሮ ድረስ እንደሚመጣ አንርሳ።

ደግሞ ጃንጥላው ቢሰበርስ? ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከሥር እየተጠራቀመ ከቆየ፣ ለዘመናት የተገታው ሙቀት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይዘረገፋል።

ስለዚህ መያዣውን ማን ይይዛል? ማንስ ክፈት፣ ዝጋ ይላል? እ.ኤ.አ. በ2021 ስዊድን ውስጥ ሊደረግ የነበረ የፊኛ ሙከራ ነበር። ጠፈር ድረስ አይሄድም፤ ግን የዚሁ ፀሐይን የማደብዘዝ ሐሳብ ዘመድ ነው። የሰሜኑ የሳሚ ሕዝቦች፣ አጋዘን አርቢዎቹ፣ «ሳታማክሩን?» አሉ። ሙከራው ቀረ። አርቢ ነው ያስቆመው፣ ልጆች።

እኛም አንድ ቀን ብንጠየቅ ምን ይዘን እንቀርባለን? «ድሮ ዝናቡ እንዲህ አልነበረም» ማለት አይበቃም። ሰነድ ይጠየቃል። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ የመጀመሪያ ሳተላይቷን አምጥቃለች፤ ከላይ የሚያይ ዓይን፣ ጥሩ። ከታች የሚለካ እጅም ያስፈልጋል።

ይቺን አያችኋት? ዝናብ መለኪያ ናት። ቤቴ ጓሮ፣ ከጎመኑ አጠገብ ተተክላ የኖረች። ፀሐይ አንዱን ጎኗን አጣሟታል፣ ውኃ ግን አታፈስም። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ትነበባለች፣ ከዚያ ደብተር ላይ ይጻፋል፣ ከዚያ ትደፋለች። ይኸው ነው። አንድ ሰሞን ታምሜ አሥራ አንድ ቀን ባዶ ቀርቷል፤ ደብተሩን ስገልጥ እስካሁን ያናድደኛል። ዛሬ ጠዋት 18 ሚሊ ሜትር ነበር።

ከነገ ጀምሮ ይቺ መለኪያ እዚሁ ግቢ ትቆማለች። ደብተሩንም አመጣሁት። የነገውን ማን ያነባል? እጅ አውጡ።