ማይክሮዌቭ ከሰማይ፦ የፀሐይ ኃይልን ከጠፈር ስለማውረድ

ሄኖክ፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬው ርዕሳችን ከጠፈር ስለሚመጣ መብራት ነው። ሜሮን ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ወሬ የላትም፤ ስለዚህ ማይኩን ለቅቄላታለሁ።

ሜሮን፦ አታካብድ! ሐሳቡ ቀላል ነው። ሳተላይት 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ላይ ታወጣለህ። እዚያ ደመና የለም፤ ሌሊትም የለም ማለት ይቻላል። የሶላር ፓነሉ ከፀሐይ የሰበሰበውን ኤሌክትሪክ ወደ ማይክሮዌቭ ቀይረህ ታወርደዋለህ፤ መሬት ላይ ያለው አንቴና መልሶ ኤሌክትሪክ ያደርገዋል። ፒተር ግሌዘር የሚባል ኢንጂነር በፈረንጆቹ 1968 ጽፎታል።

ሄኖክ፦ ማይክሮዌቭ ስትዪ፣ ያው የኩሽናው?

ሜሮን፦ ያው ራሱ! ብዙዎቹ ንድፎች 2.45 ጊጋኸርዝ የሚባለውን የሞገድ ድግግሞሽ ይጠቀማሉ፤ የኩሽናውም 2.45 ነው። ቆይ፣ ይሄን ካነሳህማ የእማዬን ማይክሮዌቭ ልንገርህ።

ሄኖክ፦ ተጀመረ።

ሜሮን፦ ወንድሜ ከዱባይ ተሸክሞ አመጣላት። አንዴ ወተት አሞቀችበት፣ ማጉረምረሙን ሰማች፣ አበቃ! «ጨረር ቤቴ አይገባም» ብላ ከሶኬቱ ነቀለችው። አሁን ላዩ ላይ ዳንቴል፣ ዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ ውስጡ ድፎ ዳቦ።

ሄኖክ፦ ድፎ ይገባበታል እንዴ?

ሜሮን፦ ተቆርጦ ነዋ። በሩ ግጥም ስለሚል አይጥ አይደርስበትም። የእድር ደብተሩም እዚያው ነው።

ሄኖክ፦ (ሳቅ) እናትሽ እውነታቸውን ነው! አሁን ደግሞ ከሰማይ ይወርዳል ሲባሉ ምን ይሉ ይሆን?

ሜሮን፦ እሱን እኮ ነው የምልህ፣ ጨረሩ እንደዚያ አይደለም። መሬት እስኪደርስ ኪሎ ሜትሮች ይሰፋል። በድሮዎቹ የአሜሪካ ንድፎች፣ በጣም በበረታበት መሃሉ ላይ በካሬ ሜትር 230 ዋት ገደማ ነው። የቀትር ፀሐይ ግን 1000 ዋት ይደርሳል።

ሄኖክ፦ ወፍስ አይጠብስም?

ሜሮን፦ ወፍ አይጠብስም።

ሄኖክ፦ ከፀሐይ ሩቡን ካልሞላ ለምን ፀሐይዋን ራሷን አልጠቀምም?

ሜሮን፦ ፀሐይዋ ትጠልቃለቻ! ደግሞ ተራ የሶላር ፓነል ከሚያርፍበት ብርሃን አንድ አምስተኛውን ቢቀይር ነው። በ1975 ካሊፎርኒያ በረሃ፣ ጎልድስቶን ላይ፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ርቀት ማይክሮዌቭ ልከው አንቴናው የተቀበለውን ከ80 በመቶ በላይ ኤሌክትሪክ አድርጎታል። ከ30 ኪሎዋት በላይ! አምፖሎች በርተዋል።

ሄኖክ፦ 1975? ታዲያ እስካሁን የት ነበሩ?

ሜሮን፦ ገንዘብ ነዋ። ግን 2023ን ስማኝ። ካልቴኮች፣ ማለትም የካሊፎርኒያው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች፣ የእነ ፕሮፌሰር አሊ ሃጂሚሪ ቡድን፣ ትንሽ መሣሪያ አመጠቁ። እዚያው ጠፈር ላይ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ያሉ ሁለት ኤልኢዲ መብራቶችን ያለ ሽቦ አበሩ!

ሄኖክ፦ ሁለት? ለሁለት መብራት ሮኬት?

ሜሮን፦ አትሳቅ! ቁም ነገሩ ሌላ ነው፤ የሚዞር ዕቃ የለውም። እያንዳንዷ ትንሽ አንቴና ሞገዷን የምትለቅበትን ቅጽበት በጥቂቱ ታዘገያለህ ወይ ታስቀድማለህ፤ ሞገዶቹ በአንድ አቅጣጫ ይደማመራሉ፣ በሌላው ይጠፋፋሉ። ጨረሩ ይዞራል፣ ዕቃው ንቅንቅ አይልም! በግንቦት ወር ደግሞ ወደ ምድር አነጣጠሩና ፓሳዴና፣ የራሳቸው ሕንፃ ጣሪያ ላይ ምልክቱን ያዙት። እኔ ይሄን ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ።

ሄኖክ፦ ቁጭ በይና ዋጋውን እናውራ። ናሳ በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሬት ላይ ካሉት ታዳሽ አማራጮች ከ12 እስከ 80 እጥፍ ይወደዳል ብሏል። ሰማንያ፣ ሜሪ!

ሜሮን፦ አሥራ ሁለቷን ለምን ትዘላታለህ?

ሄኖክ፦ አሥራ ሁለትስ ርካሽ ነው? እኛ ፀሐይ በነፃ ጣሪያችን ላይ እየወረደች…

ሜሮን፦ ለእኛ ነው አላልኩም። ክረምቱን ሙሉ ደመና ለሆነባት እንግሊዝ፣ መሬት ለጠበባት ጃፓን አስበው። ደግሞ እዚያው ሪፖርት ላይ የማምጠቂያው ዋጋ ቢወርድ፣ ዕቃው ቢቀል፣ ዕድሜው ቢረዝም ሊወዳደር ይችላል ይላል።

ሄኖክ፦ ቢወርድ፣ ቢቀል፣ ቢረዝም። «ቢ» በዛ።

ሜሮን፦ እሺ፣ አንዷን ቀንስልኝ። የማምጠቂያው ዋጋ እየወረደ ነው።

ሄኖክ፦ ግማሿን ቀንሼልሻለሁ። ሰዓት አልቋል።

ሜሮን፦ ስለ ሌዘሩ እኮ ገና አልጀመርኩም!