አኳማሪን ነው ቶፓዝ? ከመግዛታችሁ በፊት ይሄን ስሙ

ሰላም ናችሁ? ዛሬ ስለ አኳማሪን ነው፣ ያ ጥርት ያለ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ፈርጥ፣ ድሮ መርከበኞች ከማዕበል ይጠብቀናል ብለው ይዘውት ይጓዙ ነበር የሚባለው።

አኳማሪንና ኤመራልድ እኮ ወንድማማች ናቸው! ሁለቱም ቤሪል የሚባል ማዕድን ናቸው፣ ራእይ 21 ላይ ስምንተኛው መሠረት ቢረሌ የሚለው ከዚሁ ዘር ነው። ልዩነቱ ኤመራልድ ውስጥ ክሮሚየም ወይ ቫናዲየም ገብቶ አረንጓዴ ያደርገዋል፣ አኳማሪን ውስጥ ደግሞ ትንሽ ብረት ነው ሰማያዊውን የሚያመጣው። ብዙ ጊዜ ከመሬት ሲወጣ አረንጓዴ ስለሚቀላቀልበት ወደ 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ያሞቁትና ሰማያዊው ብቻ ይቀራል፣ ይሄ የተለመደ ነው፣ ቀለሙም ተመልሶ አይሄድም።

ምን ያህል ትልቅ ሊሆን እንደሚችል ለማየት ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ስሚዝሶኒያን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ግቡ፣ መግቢያው ነጻ ነው፣ እዛ ዶም ፔድሮ የሚባል 10,363 ካራት የሆነ ከብራዚል የወጣ አኳማሪን አለ፣ ቁመቱ 35 ሴንቲሜትር ገደማ፣ በርንድ ሙንሽታይነር የሚባል ጀርመናዊ ነው የጠረበው፣ ከጀርባው የቆረጣቸው መስመሮች ብርሃኑን ከውስጥ ያበሩታል፣ በእውነት ልብ ይሰርቃል።

አሁን ወደ ዋናው፣ ከአኳማሪን ጋር ወደሚምታታው ሌላ ፈርጥ፣ ወደ ቶፓዝ። ገበያ ላይ ያለው ደማቅ ሰማያዊ ቶፓዝ አብዛኛው ቀለም የሌለው ቶፓዝ በጨረር ተመትቶና ሞቆ የመጣ ነው። ቆንጆ ነው፣ ቶፓዝ ብሎ ከሸጠላችሁ ምንም ችግር የለውም፣ አኳማሪን ብሎ በአኳማሪን ዋጋ ከሸጠላችሁ ግን ተበላችሁ። በጣም ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ ርካሽ ከሆነ ጠርጥሩ። ቀለበት ላይ ያልተሰካ ከሆነ እኩል መጠን ያላቸውን ሁለቱን መዝኑ፣ ቶፓዙ በ30 ፐርሰንት ገደማ ይከብዳል። የተሰካ ከሆነ ደግሞ ሻጩን በሪፍራክቶሜትር፣ ማለትም ፈርጡ ብርሃንን ምን ያህል እንደሚያጥፍ በሚለካው መሣሪያ፣ ለካልኝ በሉት፣ አኳማሪን 1.57 እስከ 1.58 አካባቢ ነው፣ ቶፓዝ 1.61 እና ከዛ በላይ ያሳያል፣ እውነተኛ ነጋዴ በዚህ አይቆጣም።

እንክብካቤው ቀላል ነው። ጥንካሬው በሞስ መለኪያ (አልማዝ 10 በሆነበት የጭረት መቋቋም መለኪያ) ከ7.5 እስከ 8 ስለሆነ በየቀኑ ይደረጋል፣ ግን ከአልማዝና ከሳፋየር ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ አትክተቱት፣ ይጭሩታል። ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ሳሙና፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ በቃ፣ በተለይ ከፈርጡ ስር ፈትጉት ምክንያቱም ሎሽንና ቅባት እዛ ተጠራቅሞ ነው የሚያደበዝዘው። ውስጡ ስንጥቅ ካለው አልትራሶኒክ ማሽን (በድምፅ ንዝረት የሚያጸዳው) ውስጥ እንዳይገባ።

የወሎ ኦፓል ያላችሁ ግን ይሄን እጥበት እንዳታደርጉበት! ይሄ ወሎ ደላንታ የሚወጣው ኦፓል ውሃ ወደ ውስጡ ይመጥጣል፣ ሳሙናና ቅባት ያለበት ውሃ ከገባበት ቀለሙ ሊበላሽ ይችላል፣ እሱን በትንሹ እርጥብ በሆነ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ጥረጉት።