ሰውየው ይደነቅ፣ ፊልሙ ግን ይመርመር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከጎንደርና ከደብረ ታቦር ድረስ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንኳን ወደ ባሕር ዳር በደህና መጣችሁ። ጋሼዎቻችንና እትዬዎቻችን ከፊት ተቀምጣችሁ ሳያችሁ ደስ ብሎኛል። በር ላይ የቆማችሁ ወጣቶችም ግቡ፣ በመስኮቱ በኩል ቦታ አለ።

የሥራ ሪፖርቱን ጸሐፊያችን፣ የገንዘቡን ደግሞ ሒሳብ ሹማችን ያቀርባሉ። እኔ ማውራት የምፈልገው ስለ ፊልሞቹ ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ምስጋና አለብኝ። ይህ ማኅበር ኢንተርኔት ሲቋረጥ ፊልም በፍላሽ እየተቀባበለ፣ መብራት ሲጠፋ በላፕቶፕ ባትሪ፣ ማታ መውጣት ሲከብድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ መጋረጃ ጋርዶ ዶክመንተሪ ያየ ማኅበር ነው። በዚህ ጊዜ ፊልም ማየት ቅንጦት ነው ያሉን ነበሩ። ቅንጦት አልነበረም። እናንተም እንዳልሆነ ስለምታውቁ ነው ዛሬ የመጣችሁት።

ዘንድሮ የመረጥነው ስለ ሥነ ጥበብ፣ ስለ ቴክኖሎጂና ትልቅ ነገር ስላለሙ ሰዎች የተሠሩ ዶክመንተሪዎችን ነው። የጻፋችኋቸውን ግምገማዎች በሙሉ አንብቤያለሁ። ብዙዎቹ በትጋት የተጻፉ ናቸው። አንድ ነገር ግን እየደጋገመ ገጠመኝ፣ ፊት ለፊት ልናገረው። አብዛኞቻችሁ የገመገማችሁት ሰውየውን ነው። ሰውየው ጀግና ከሆነ ፊልሙ ጥሩ ይባላል፣ ሰውየው ካናደደ ፊልሙም ይወቀሳል። ካሜራውን ማን ያዘ፣ ማን ከፈለ፣ ምን ተቆረጠ፣ ማን ሳይታይ ቀረ የሚለው ጥያቄ የለም። መጨረሻ ላይ «በጣም አስተማሪ ነው» ተብሎ ይዘጋል። ይህ ምስጋና እንጂ ግምገማ አይደለም።

ከቤታችን ልጀምር። ቶር ሄየርዳል የሚባለውን ኖርዌጂያዊ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክ ውቅያኖስን ማቋረጥ ይችሉ ነበር ብሎ አሰበ። አስቦም አልቀረ፣ ጀልባውን አሠርቶ ራሱ ተሳፈረበት። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1969 ነው። ደንገሉ ከየት መጣ? ከዚህ፣ ከጣና ሐይቅ። እኛው ዳር የበቀለ ደንገል ተቆርጦ ግብፅ ድረስ ተጓጓዘና በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ጀልባ ሠሪዎች «ራ» የተባለችውን ጀልባ ሠሩበት። ከሞሮኮዋ የሳፊ ወደብ ተነስታ ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር ተጓዘች፣ የካሪቢያን ደሴቶች ሲቀርቡ ግን ተበታተነች። በዓመቱ ከቦሊቪያው የቲቲካካ ሐይቅ የመጡ የአይማራ ሕዝብ ባለሙያዎች አሁንም በኢትዮጵያ ደንገል ሁለተኛዋን ሠሩ። «ራ ሁለት» በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰች። የጉዞው ዶክመንተሪ ለኦስካር ታጨ፣ ሄየርዳል ከዚያ በፊት በፓሲፊክ ላይ በግንድ ተንሳፍፎ ያደረገውን የኮን ቲኪን ጉዞ የሚያሳየው ፊልም ደግሞ ኦስካሩን ራሱ ወስዷል።

ይህን ታሪክ ስሰማ ልቤ ይሞላል። የጣና ሰው ነኝና አልደብቀውም። ግን ገምጋሚ ሆነን እንየው።

አንደኛ ነገር፣ የጉዞው መሪና የታሪኩ ነጋሪ አንድ ሰው ነው። መርከበኛው የራሱን ድፍረት ሲተርክ የምናየው ራሱ እንድናይ የፈለገውን ነው። ይህ ፊልሙን ውሸት አያደርገውም፣ እኛን ግን ንቁ ሊያደርገን ይገባል። ሌላው ደግሞ «ይቻላል» እና «ተደርጓል» የሚለያዩ መሆናቸው ነው። ጀልባዋ ባርቤዶስ መድረሷ በደንገል ውቅያኖስ መሻገር እንደሚቻል ያሳያል። የጥንት ግብፃውያን በእርግጥ ተሻግረዋል ማለት ግን አይደለም። ጥሩ ፊልም ማዕበሉን፣ ሸራውንና የጢማሙን መሪ ፊት አከታትሎ ሲያሳየን ይህ ልዩነት ከአእምሯችን ይጠፋል። የገምጋሚ ሥራ ያን ልዩነት መልሶ ማምጣት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የመጀመሪያዋ ጀልባ ለምን እንደተበታተነች አስቡት። የጥንት ግብፃውያን ሥዕሎች ላይ የኋላውን ጫፍ ወደ ላይ ወጥሮ የሚይዝ ገመድ አለ። ገመዱ እንደ ስፕሪንግ እየተሳበና እየረገበ ጀልባዋ ከማዕበሉ ጋር እንድትተጣጠፍ ያደርጋል። ያ ገመድ ተዘለለና የኋላዋ ክፍል ውኃ ውስጥ ሰመጠ። አንድ ገመድ! ታንኳ የሚሠራ የነገደ ወይጦ ወገናችን ይህን ታሪክ ቢሰማ ምን ይል ይሆን? ነዶው የት ላይ ጠብቆ የት ላይ ላላ ብሎ እንደሚታሰር፣ ታንኳ ውኃ እየጠጣች እንደምትከብድና ወጥታ ፀሐይ ላይ መድረቅ እንዳለባት የሚያውቀው በእጁ ነው። ዕውቀቱ ያለው እሱ ጋ ነው። የተሳፋሪዎቹ ስም ተመዝግቧል፣ ኖርዌጂያዊ፣ አሜሪካዊ፣ ጣሊያናዊ፣ ሩሲያዊ፣ ሜክሲኳዊ፣ ግብፃዊና ቻዳዊ ነበሩ። ሁለተኛዋን ጀልባ የሠሩት የቲቲካካ ወንድማማቾች ስምም ተመዝግቧል። ደንገሉን ያጨዱት የጣና ሰዎች ስም በየትኛው ዝርዝር ላይ ነው? እንዲህ ዓይነት ጥያቄ የሚጠይቅ ግምገማ ነው የምፈልገው።

አሁን ወደ ሌላ ፊልም ልሂድ፣ ይኼኛውም የእኛ ሰው አለበት። ጃፓናዊው ኮን ኢቺካዋ የ1964ቱን የቶኪዮ ኦሊምፒክ በፊልም እንዲያስቀር ኃላፊነት ተሰጠው። አዘጋጆቹ የጠበቁት ማን አሸነፈ፣ በስንት ሰዓት፣ የትኛው ባንዲራ ተሰቀለ የሚል መዝገብ ነበር። እሱ ያመጣላቸው ሌላ ነገር ነው። ረጃጅም ሌንሶች ደግኖ ላብ፣ ጡንቻ፣ የሯጮችን የተላጠ እግር፣ ዝናብ ላይ የቆመ ተመልካች ቀረጸ። በጊዜው ባለሥልጣናት ተቆጡ፣ ይህ መዝገብ ነው ወይስ ኪነ ጥበብ የሚል ክርክር ተነሳ። ዛሬ የምናስታውሰው የተቆጡትን ሰዎች ሳይሆን ፊልሙን ነው።

በዚያ ፊልም ውስጥ አበበ ቢቂላ አለ። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ሁለት ወር እንኳ ያልሞላው ሰው ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨርሶ፣ ሁለተኛውን ከ4 ደቂቃ በላይ ቀድሞ ሲገባ ታያላችሁ። ግን ሰዓቱን እርሱት። ካሜራው ፊቱ ላይ እንዴት እንደሚቆይ እዩ። ቃለ መጠይቅ የለም። «ከድሃ ቤተሰብ ተወልዶ» የሚል ትረካ የለም። የልጅነት ፎቶ ላይ የሚለቀቅ ዋሽንት የለም። የሚሮጥ ፊት ብቻ ነው፣ ግን ከዚያ ፊት ስለ ሰውየው የምናገኘው ከብዙ የሕይወት ታሪክ ዶክመንተሪ ይበልጣል። ያው ፊልም ደግሞ ጊዜ ሰጥቶ አንድ ያላሸነፈ የ800 ሜትር ሯጭ ይከተላል፣ ከቻድ የመጣ ወጣት ነው። ሲበላ፣ ሲለማመድ፣ ሲወድቅ ታዩታላችሁ። ትልቅ ሕልም የአሸናፊ ብቻ እንዳልሆነ በትረካ አልነገረንም፣ ካሜራውን ወደ ልጁ አዞረ እንጂ። እኔ ዘንድሮ ካየናቸው ሁሉ አንደኛ የማደርገው ይህን ነው፤ ያልተስማማ ካለ ከሻይ በኋላ ይምጣ፣ እንከራከራለን።

«ማን ኦን ዋየር» ላይ ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ፈረንሳዊው ፊሊፕ ፔቲ እ.ኤ.አ. በ1974 ነሐሴ ወር ላይ በኒው ዮርኮቹ መንታ ሕንፃዎች መካከል ከ400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በተዘረጋ ገመድ ተራመደ። ከእናንተ ውስጥ ሲራመድ አየሁ የሚል ማነው? ብዙ እጅ አያለሁ። የእግር ጉዞው ተንቀሳቃሽ ምስል የለም። ያያችሁት ፎቶግራፍ ነው፣ ዙሪያውን ደግሞ በተዋናይ የተሠራ ትዕይንት፣ ሙዚቃና የጓደኞቹ ምስክርነት። ዳይሬክተሩ ጄምስ ማርሽ እነዚህን አገጣጥሞ እግሩን እንድናይ አደረገን። ሕንፃዎቹ በ2001 ስለመፍረሳቸውም ፊልሙ አንዲት ቃል አይተነፍስም፣ ያን ዝምታ አስቦበት ነው የመረጠው። የፔቲን ድፍረት ለማድነቅ ፊልም አያስፈልግም፣ ዜናው ይበቃል። የማርሽን ጥበብ ለማየት ግን ገምጋሚ ያስፈልጋል።

ስለ ቴክኖሎጂ ከጻፋችሁት ውስጥ በብዛት የመጣው «አልፋጎ» ነው። በዩቲዩብ በነፃ ስላለ ደስ ይላል፣ ያላየ ይየው። በመጋቢት 2016 (እ.ኤ.አ.) ሴኡል ላይ ኮሪያዊው ሊ ሴዶል ጎ በሚባለው የሰሌዳ ጨዋታ ከኮምፒዩተር ፕሮግራም ጋር ገጥሞ 4 ለ 1 ተሸነፈ። ግምገማዎቻችሁ በሙሉ ማለት ይቻላል ስለ ማሽኑ ናቸው፤ በሁለተኛው ጨዋታ ስላደረገው 37ኛ እርምጃ፣ ማንም ሰው አይጫወተውም ስለተባለው። ልክ ነው፣ አስደናቂ ነው። ግን ፊልሙን የተሸከመው የሊ ሴዶል ፊት ነው። አራተኛውን ጨዋታ ሲያሸንፍ የሚያሳየውን ፈገግታ አስታውሱ። በ2019 ከጨዋታው ተሰናበተ፣ ሊሸነፍ የማይችል አካል መጥቷል ብሎ። ካሜራው የገባውም ፕሮግራሙን በሠራው ኩባንያ በር ነው። ስለዚህ ከመሐንዲሶቹ ጋር ስንጨነቅ፣ ስንስቅ እንቆያለን። እዚያ በር ላይ የቆመ ካሜራ ምን ሊያይ፣ ምን ሊያልፈው እንደሚችል የጻፈ ሰው ግን አላገኘሁም።

ወደ እኛ አገር ዶክመንተሪ ስመጣ አጭር ነኝ። የምስረታ በዓል ፊልም፣ የፕሮጀክት ፊልም፣ የባለሀብት ፊልም ሞልቶናል። ድሮን ከጢስ ዓባይ ላይ ይነሳል፣ ወፍራም ድምፅ «ከባዶ ተነስቶ» ይላል፣ ችግሩ በሁለት ደቂቃ ተፈትቶ ሪባን ይቆረጣል። ሠራተኛው ከኋላ ቆሞ ያጨበጭባል። ሙያ ያላቸው ልጆች ናቸው የሚሠሯቸው፣ ቀረጻቸው ቆንጆ ነው፣ ይህን እመሰክራለሁ። ግን ከፋዩ ራሱ የሚታይበትን ፊልም እንደ ሌላው እኩል ዶክመንተሪ ብለን ማለፍ የለብንም። የከፈለው ማን እንደሆነ የግምገማችን የመጀመሪያ አንቀጽ ላይ ይግባ። ሠሪዎቹም ይጠቀማሉ፣ ምክንያቱም በሚቀጥለው ጊዜ ለከፋዩ «ተመልካቹ ይጠይቃል» ማለት ይችላሉ።

ለሚመጣው ዓመት የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። ግምገማ ስትጽፉ ሰውየውን ለመጻፍ ከግማሽ ገጽ በላይ አትውሰዱ፣ የቀረው ለካሜራው፣ ለድምፁ፣ ለአርትዖቱና ሳይታዩ ለቀሩት ሰዎች ይሁን። ሁለተኛው ከግምገማ ያልፋል። ታንኳ መሥራት የሚያውቁ አዛውንቶች አሁንም በሐይቁ ዳር አሉ። እምቦጭ ከመጣ ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ዳርቻው ተለውጧል፣ ደንገሉም እንደ ድሮው አይደለም። በዘጌ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን የግድግዳ ሥዕሎች እያዩ ያደጉ ሠዓልያንም አሉ። ስልክ ያለው ሰው ሁሉ ካሜራ አለው። ሂዱ፣ ፈቃድ ጠይቁ፣ ቁጭ በሉ፣ ድሮኑን ተዉትና እጁን ቅረጹ፣ ስሙን በትክክል ጻፉ። ሥራ አመራሩ ለትራንስፖርትና ለማከማቻ የሚሆን ገንዘብ በበጀቱ ላይ አስገብቷል፣ ከሰዓት በኋላ ድምፅ ትሰጡበታላችሁ። እባካችሁ አጽድቁት።

ከምሳ በፊት የ«ራ»ን ጉዞ አብረን እናያለን፣ ከዚያ በየቡድናችሁ ትወያያላችሁ። ወረቀትና እስክሪብቶ በር ላይ ተቀምጧል። ዓመታዊ ጉባኤያችን ተከፍቷል። ጸሐፊያችን፣ መድረኩ ያንተ ነው።