ያልገዛሁት ጫማ

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለንም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ ዕዳ ላወራ ነው፤ ስላልበላሁት ዕዳ።

እዚህ አሜሪካ፣ ከአሌክሳንድሪያ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አጎቴ ቤት ስገባ፣ በዕቃ ማጓጓዙ ግርግር የኪስ ቦርሳዬ ጠፋ። መንጃ ፈቃዴን በሌላ ተካሁ፣ የዴቢት ካርዴን በዚያው ቀን አዘጋሁ። ለክፉ ቀን ያስቀመጥኳት አንዲት ክሬዲት ካርድ ግን መሳቢያ ውስጥ ያለች መስሎኝ ነበር። ለካ ቦርሳው ውስጥ ናት፤ ሌባ ዕቃ ገዝቶባታል። ባንኩ ደግሞ ደብዳቤውን ሁሉ ወደ አሮጌው ቤቴ ይልካል። አድራሻዬን አላስቀየርኩም ነበር፤ ይቺ የኔ ጥፋት ናት፣ አልክድም።

እዚህ አገር የክሬዲት ካርድ ዕዳ 180 ቀን ሳይከፈል ከቆየ ባንኩ ኪሳራ ብሎ ይመዘግበዋል፤ ብዙ ጊዜም ለዕዳ ሰብሳቢ ይሸጠዋል። የኔም ዕዳ እንዲህ ሰብሳቢ እጅ መግባቱን የሰማሁት ከአጎቴ ነው።

ማታ ከፓርኪንግ ሥራ ስገባ ሳሎን ቁጭ ብለው ጠበቁኝ። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። እሳቸው ቤት ቴሌቪዥን ጠፋ ማለት ሰው ሞተ ማለት ነው!

«ና እስቲ ቁጭ በል። ስንት ነው ያለብህ?»

«ምኑ፣ ጋሼ?»

«ሰውዬው በቤቱ ስልክ ደውሎ ነገረኝ እኮ። 1,840 ዶላር። እኔ እሰጥሃለሁ፣ ዝም ብለህ ክፈል።»

መሬት ብትከፈት በገባሁ። ሰብሳቢው የኔን አድራሻ ለማግኘት ሌላ ሰው ሊጠይቅ ይችላል እንጂ፣ ዕዳ አለበት ብሎ ለአጎቴ መናገር ሕጉ እንደሚከለክለው ያኔ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ለሰብሳቢው በየቀኑ በስልክ ማስረዳት ጀመርኩ። «ወንድሜ፣ ካርዱ ጠፍቶብኝ ነው» እለዋለሁ። ሰውየው ትሁት ነው፤ «ይገባኛል» ይላል። ቀጥሎ «ለዛሬ 100 ዶላር ብቻ» ይላል። አንድ ቀን እውነቴን ነው፣ ልከፍል ቁጥሩን ማንበብ ጀምሬ ነበር። ይሉኝታ ነው የያዘኝ፤ ሰው ይህን ያህል ሲለምነኝ እምቢ ማለት ከበደኝ። ለሌባ ጫማ ልከፍል!

ያስጣለኝ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ነው። «በጽሑፍ ምን አልከው?» አለኝ። ምንም። «በቃል ያለ ይረሳል ሲባል አልሰማህም? እዚህ ደግሞ ጭራሽ እንዳልተባለ ነው።»

በ1977 የወጣ የፌደራል ሕግ አለ። ሰብሳቢው ባነጋገረህ በ5 ቀን ውስጥ የዕዳውን መጠንና የአበዳሪውን ስም የያዘ ማስታወቂያ ይሰጥሃል። አንተ ማስታወቂያው በደረሰህ በ30 ቀን ውስጥ «አልቀበልም» ብለህ በጽሑፍ ከላክህ፣ ማረጋገጫ እስኪልክልህ መጠየቁን ማቆም አለበት። ያ ወረቀት ደርሶኝ ነበር። የንግድ ማስታወቂያ መስሎኝ ከፒዛ ቤት ኩፖኖች ጋር ማቀዝቀዣው ላይ አስቀምጬዋለሁ! ስቆጥር 26ኛው ቀን ላይ ነኝ።

በማግሥቱ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። በፌደራል ንግድ ኮሚሽን ድረ ገጽ የማንነት ስርቆት ሪፖርት ሞላሁ። ለሰብሳቢውና ለባንኩ በሪኮማንዴ ላክሁ፤ የሰዉን የብድር ታሪክ ለሚመዘግቡት ለኢኩፋክስ፣ ለኤክስፒሪያንና ለትራንስዩኒየንም እንዲሁ። ሰው በሰረቀው ክሬዲት ካርድ ለተገዛ ነገር ሕጉ ቢበዛ 50 ዶላር ነው የሚያስከፍልህ። ዴቢት ካርድ ግን ሌላ ነው፤ እሱ ላይ ከዘገየህ ጉዳቱ ይብሳል፣ ቶሎ ደውሉ።

ከሳምንት በኋላ ደብዳቤው መድረሱን የምታረጋግጠው አረንጓዴዋ የፖስታ ካርድ ተመልሳ መጣች። ሰብሳቢው ቢሮ አንድ ሰው በሰማያዊ እስክሪብቶ ጫር አድርጎ ፈርሞባታል። ያን ሁሉ ያወራሁት ወሬ እንዲህ ያለ ምልክት አላስገኘልኝም። ስልኩም ጸጥ አለ።

ባንኩ ሂሳቡን ሲሰርዝልኝ የግዢውን ዝርዝር አብሮ ላከ። ለአጎቴ አነበብኩላቸው፤ ረግጬው በማላውቀው ስቴት ሦስት ማደያ፣ አንድ የስልክ ዕቃ መሸጫ፣ አንድ ጫማ ቤት፣ 312 ዶላር። ጫማ ስል መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱና እግሬን አዩ። ለፋሲካ የገዛሁትን ነበር ያደረግሁት።

«ጋሼ፣ ይሄ 40 ዶላር ነው!»

«እኔ ምን አልኩ?» አሉና ቴሌቪዥኑን ከፈቱ።