ባዶው ታንክ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ድምፄ ከጎረነነ ይቅርታ። ሳምንቱን ሙሉ መኪና ሥር ተጋድሜ ዝገት ስተነፍስ ነው የከረምኩት።

የማወራችሁ ስለ ነዳጅ ታንክ ነው። አዎ፣ ስለ ታንክ። አንድ ጓደኛዬ "ይሄንን ደግሞ ማን ቁጭ ብሎ ይሰማሃል?" ብሎኛል። እናያለን።

ለአዲሶቹ አድማጮች፦ መኪናዬ የ1966 ፎርድ ሙስታንግ ናት። የማነሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው። ሞተሯ 289 ኪዩቢክ ኢንች ቪ8 ነው፣ በሊትር 4.7 መሆኑ ነው። አሁን አንዳንዶቻችሁ "እሷማ መስል ካር አይደለችም፣ ፖኒ ካር ናት" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ። መስል ካር የሚባለው ትልቅ ሞተር የተገጠመለት ጉልበተኛ መኪና ነው፣ ፖኒ ካር ደግሞ አነስ ያለች፣ የስፖርት መልክ ያላት። ፖኒ ካር የሚለው ስም ራሱ ከሙስታንግ ነው የመጣው። መስል ካርን የጀመረችው የ1964ቷ ፖንቲያክ ጂቲኦ ናት ይባላል፣ በ389 ኪዩቢክ ኢንች ሞተሯ። እሺ። ግን የኔዋ ስትነሳ ደረቴ ላይ የሚሰማኝን ድምፅ ሰምታችሁ ንገሩኝ። ከዚያ በኋላ ስሟን እናንተው አውጡላት።

ወደ ታንኩ። ነገሩ የጀመረው በፊልትሮ፣ በነዳጅ ማጣሪያው ነው። መኪናዋ ለብዙ ጊዜ ቆማ ነበር። ካስነሳኋት በኋላ ጥሩ ትሄድና ድንገት ትንተፋተፋለች። ቆም ብዬ ስጠብቃት ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሰው ትነሳለች። ካርቡራቶሩን፣ ነዳጁን ከአየር ጋር የሚቀላቅለውን፣ ፈታሁ፣ አጠብኩ፣ ገጠምኩ። ያው ናት። በመጨረሻ የነዳጅ ፊልትሮውን ነቅዬ ነጭ ጨርቅ ላይ ገለበጥኩት። ቀይ አፈር ወጣ። የእውነት አፈር ነው የመሰለኝ። ታንኩ ከውስጥ እየተላጠ፣ መኪናዋ የራሷን ዝገት ስትጠጣ ነው የከረመችው።

የእነዚህ መኪኖች አሠራር ደግሞ የሚገርም ነው። አብዛኛው መኪና ላይ ታንክ ከሥር በቀበቶ ብረት ይንጠለጠላል። የመጀመሪያዎቹ ሙስታንጎች ላይ ግን የታንኩ አናት ራሱ የኋላው ኮፈን ወለል ነው። ወለሉ ላይ ትልቅ ቀዳዳ አለ። ታንኩ ከላይ ይገባና በጠርዙ ዙሪያ በብሎን ይታሰራል። ሻንጣችሁን የምታስቀምጡት ነዳጁ ላይ ነው ማለት ነው። ያኔ ርካሽና ፈጣን አሠራር ነበር። ዛሬ ስታዩት "ይሄን ማን ፈቀደ?" ያሰኛል። ይሄን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

አዲስ ታንክ መግዛት ይቻላል። ለሙስታንግ የማይሠራ መለዋወጫ የለም። እኔ ግን የሰማሁት ወሬ አለ። የኔዋ ታንክ 16 ጋሎን ይይዛል፣ 60 ሊትር ገደማ። የ1970ዋ ሙስታንግ ታንክ ግን 22 ጋሎን ነው፣ ወደ 83 ሊትር። ጠርዙና የብሎን ቀዳዳው ይገጥማል፣ ልዩነቱ ጥልቀቱ ላይ ነው። ሳትቆርጥ ሳትቀጥል 23 ሊትር ተጨማሪ! እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ለጋሽ መኪና አገኘሁ፣ ዕቃ የሚነቀልባት የ1970 ሙስታንግ። ለጋሽ እንላለን እንጂ ማንም አስፈቅዷት አያውቅም። ግማሽ አካሏ የለም። ሞተሯ ተወስዷል፣ በሮቿ ተወስደዋል። ታንኳ ብቻ ቤቱ ሳይፈርስበት እንደቀረ ሰው ቦታው ላይ ቁጭ ብሏል። በቀዳዳው ባትሪ አበራሁ። ውስጡ ግራጫ ነው፣ ንጹሕ። የድሮ ታንኮች ከውስጥም ከውጭም በእርሳስና በቆርቆሮ ቅልቅል ይለበጡ ነበር፤ ያ ልባጭ ካልተነካ ብረቱ ዕድሜ አለው። የቀረችውን ቤንዚን ቀዳሁ። የድሮ ቤንዚን ሽታ ታውቃላችሁ? የቤንዚን አይደለም። የቀለም ቫርኒሽ ይመስላል፣ ጎምዘዝ ያለ። ፈታሁት፣ መኪና ላይ ጫንኩት፣ እየዘፈንኩ ሄድኩ።

አሁን ወደ ሞኝነቴ እንምጣ።

በዚያ ሰሞን ሌላ ሐሳብም ነበረኝ። ካርቡራቶሩን አውጥቼ የነዳጅ ኢንጀክሽን፣ ነዳጁን በግፊት የሚረጨውን፣ ልገጥምላት። ኢንጀክሽን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ትርፉን ነዳጅ ወደ ታንኩ የሚመልስ መስመር ይፈልጋል። ስለዚህ ታንኩ ላይ አንዲት ትንሽ ቱቦ ማስበየድ አለብኝ። የአምስት ደቂቃ ሥራ ናት አይደል? ታንኩን ተሸክሜ አንድ በያጅ ጋ ሄድኩ። ትልቅ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩኝ።

"ምን ነበረበት?" አሉኝ።

"ቤንዚን ነበር ጋሼ። አሁን ግን ባዶ ነው። ከቀዳሁት ቆይቷል።"

ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄዱ። አልቀለዱም።

"ሙሉ ነው ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። በል መጀመሪያ ከዚህ አውጣልኝ።"

ደነገጥኩ። ተናደድኩም፣ ልዋሻችሁ አልችልም። ታንኩን ደጅ አውጥቼ ስመለስ ቁጭ አድርገው አስረዱኝ። የሚነደው ፈሳሹ አይደለም፣ ተኑ ነው። ታንኩ እስከ አፉ ሲሞላ ውስጡ አየር የለም፤ ተኑ የሚቀላቀለው ነገር አያገኝም። ባዶ ሲሆን ግን የስፌቱ ስንጥቅ ውስጥ የቀረችው ጠብታ ትተናለች፣ ከአየር ጋር ትቀላቀላለች። ከአየሩ ውስጥ ከአንድ ተኩል ከመቶ እስከ ሰባት ተኩል ከመቶ ገደማ የቤንዚን ተን ከሆነ ይበቃል። አንዲት ብልጭታ ብቻ ነው የሚቀረው። ቤንዚን ደግሞ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ቅዝቃዜ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ይሰጣል። "ከርሟል"፣ "ደርቋል" የሚባል ነገር የለም።

እኔ ታንኩን ያስቀመጥኩት የት መሰላችሁ? ጋራዤ ውስጥ፣ ወለል ላይ፣ አፉ ክፍት። ከጎኑ ማሞቂያ። የቤንዚን ተን ከአየር ይከብዳል፣ መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው። ማሞቂያውን ስንት ማታ አብርቼ እዚያው አጠገቡ ስሠራ አመሸሁ። ሙሉ ጀሪካን ቢሆን ኖሮ ቤት አላስገባውም ነበር። ሙሉውን ነው ስፈራ የኖርኩት። ባዶውን እንደ ወንበር ተቀምጬበታለሁ። በእውነት፣ ተቀምጬበታለሁ!

ታንክ ለመበየድ በሚገባ ማጠብ፣ በእንፋሎት ማጽዳት፣ አየሩን በማይነድ ጋዝ መተካት፣ በመለኪያ ማረጋገጥ አለ። እሳቸው ያን ሁሉ አድርገው እንኳ አልፈልግም አሉኝ። ግድ የለም፣ ኢንጀክሽኑን ተውኩት። ካርቡራቶር የምትመግበው አሮጌዋ ሜካኒካል ፖምፕ መመለሻ መስመር አትጠይቅም። ታንኩን ግን አሳጠብኩት። ማሞቂያውም አሁን ሌላ ክፍል ነው።

ቀጥሎ ጌጁ፣ የነዳጁን መጠን የሚያሳየው። ይሄኛው ያስቃል።

ታንክ ውስጥ ተንሳፋፊ አለ፣ ከክንዱ ጋር። ነዳጁ ሲወርድ ይወርዳል፣ ሲወጣ ይወጣል፣ እንደ ከፍታው የኤሌክትሪክ ተቃውሞውን (ሬዚስታንሱን፣ በኦም የሚለካውን) ይቀያይራል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው መርፌ ያንን ነው የምታነበው። የኔዋ አሮጌ ተንሳፋፊ ለጥልቁ ታንክ ታጥራለች። ስለዚህ "ለሁሉም ይሆናል" ተብሎ የሚሸጥ አንድ ገዛሁ። ለሁሉም የሚሆን ነገር ለማን እንደሚሆን እኔ እንጃ። ደግነቱ ታንኩ ውስጥ ሳልከተው ልሞክረው አልኩ። ሽቦውን አያያዝኩ፣ ታናሽ ወንድሜን መኪናው ውስጥ አስቀመጥኩት። ተንሳፋፊውን ወደ ታች ለቀቅኩት።

"ስንት ይላል?"

"ሙሉ!"

ወደ ላይ አነሳሁት።

"አሁንስ?"

"አለቀ! ቤንዚን ቅዳ!"

የሚቀልድብኝ መስሎኝ ሄጄ አየሁ። እውነቱን ነው። የፎርድ ጌጅ ባዶ ሲሆን 73 ኦም፣ ሙሉ ሲሆን 10 ኦም አካባቢ ይጠብቃል። እኔ የገዛሁት በጀነራል ሞተርስ ልክ ነው የተሠራው፦ ባዶ ሲሆን 0፣ ሙሉ ሲሆን 90። ግልብጥ። ገጥሜው ቢሆን ኖሮ በነዳሁ ቁጥር ነዳጅ እየጨመረ ይሄድልኝ ነበር። በዓለም ላይ ብቸኛዋ እየሄደች የምትሞላ መኪና። ወንድሜ እስካሁን ይስቅብኛል። በኋላ ለ1970ው ታንክ በልኩ የተሠራውን አመጣሁ።

ተንሳፋፊው ታንኩ ላይ የሚታሰረው በቀለበት ነው፤ ቀለበቱ እየተመታ ይዞራል። በብረት ቺዝል አትምቱት። ናስ ይሻላል፣ ብልጭታ አይሰጥም። ይሄንንም ከበያጁ ነው የሰማሁት። አሁን ነገር ሁሉ ብልጭታ ሆኖ ነው የሚታየኝ።

ሲገጠም በጠርዙ ዙሪያ ማሸጊያ ለጠፍኩ፣ ታንኩ ገባ፣ ብሎኖቹ አንድ በአንድ ቀዳዳቸውን አገኙ። ያቺ ደቂቃ! ከሌላ መኪና የመጣ ብረት "ቤቴ ነው" ብሎ ሲቀመጥ። ሰውነቴን ነው የነዘረኝ።

የቀረችው የመሙያው ጎማ ናት። ነዳጅ የምትሞሉት ከኋላ፣ በመብራቶቹ መሀል ነው። ከዚያ የሚመጣው ቱቦ ከታንኩ አንገት ጋር የሚገናኘው በአጭር ጎማና በሁለት ፋሼታ፣ ጎማ በሚያጠብቅ ቀለበት ነው። መጋጠሚያው ያለው እዚያው ኮፈኑ ውስጥ ነው። ትክክለኛው ጎማ በእጄ አልነበረም። የራዲያተር ጎማ ነበረኝ፣ ልኩ ልክክ ያለ። "ለጊዜው" አልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉ የለ? እኔ አፈሰስኩ፣ መልቀሙ ግን አይቻልም፣ ቤንዚን ነው።

የራዲያተር ጎማ የተሠራው ለውኃ ነው። ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል። በሁለተኛው ሳምንት ስነዳ ራሴን ያመኝ ጀመር። መስኮት ስከፍት ይሻለኛል፣ ስዘጋ ይመለሳል። ቆሜ የኋላውን ኮፈን ስከፍት ሽታው ፊቴን መታኝ። ጎማው በጣት ሲነካ እንደ ሰፍነግ ገባ አለ። በእነዚህ መኪኖች ደግሞ በኮፈኑና በተሳፋሪው መሀል የብረት ግድግዳ የለም። የኋላ ወንበሩ መደገፊያና አንድ ስስ ካርቶን፣ በቃ። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ይሄ ነው። ከኋላ የሚያፈስ ነገር እናንተ ጋ ነው የሚመጣው።

ያን ቀን ሞተሩን አጥፍቼ፣ ባትሪውን ነቅዬ፣ መንገድ ዳር ቁጭ አልኩ። በያጁ ትዝ አሉኝ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሲሄዱ። እኔ ያን ሁሉ ተምሬ፣ ጌጁን እንኳ ፈትሼ፣ በአንዲት ጎማ "ለጊዜው" አልኩ። ማንም የማያየው ቦታ ስለሆነ ነው። ክሮሙን ብዙ ማታ ወልውዬዋለሁ እኮ።

አሁን ለቤንዚን የተሠራ ጎማ ገብቷል፣ አዳዲስ ፋሼታም ታስሯል። በታንኩ አናት ላይና ከወንበሩ ጀርባ ላሜራ አስገጠምኩ፣ ብየዳ የሌለበት፣ በብሎን። ሙሉ ስትሆን ከድሮው ወደ 17 ኪሎ ትከብዳለች፣ ክብደቱም ሁሉ ከኋላ ነው። ባሌስትራዎቹ፣ የኋላውን ክብደት የሚሸከሙት የብረት ቅጠሎች፣ ትንሽ ተጫኑ መሰለኝ፣ አፍንጫዋ ቀና ብሏል። ኩራት ይመስልባታል።

ዛሬም ከመነሳቴ በፊት የኋላውን ኮፈን ከፍቼ ጎንበስ እላለሁ፣ አሸታለሁ። ጎረቤት ምን እንደሚያስብ አላውቅም። ዛሬ ጠዋትም ከፍቼ ነበር። የድሮ ምንጣፍ ሽታ ብቻ ነው።